ለአንድ ቀን ቤንዚን ባንቀዳስ?

የዛሬውን ወግ ያገኘሁት ታክሲ ውስጥ ነው።

ከሳሪስ ወደ ጎተራ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ጠዋት ነው፤ ሰው ሁሉ ሥራ ሊገባ ይቻኮላል። ከአንድ ማደያ በራፍ ስንደርስ ነዳጅ ለመቅዳት የተሰለፈው መኪና የመንገዱን ጠርዝ ሞልቶ ወደ መሀል ወጥቷል። ሹፌራችን ፍሬን ያዝ አደረገና በመስኮት «ቦቴ ገብቷል?» ብሎ ጠየቀ። «እየገለበጠ ነው» አሉት። ይኼኔ ከኋላዬ የተቀመጠ ወጣት ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሁላችንም አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ቤንዚን አንቀዳም ብንል እኮ ዋጋው ይወርድ ነበር» አለ።

አጠገቡ ያሉ እናት ፌስታላቸውን ጉልበታቸው ላይ እያስተካከሉ «ልጄ፣ ማቆም የሚችለው መኪና ያለው ነው። እኔ ምኑን ላቁም?» አሉት። ጋቢና የተቀመጡ ሽማግሌ ደግሞ ዞር ሳይሉ «በስድሳ ስድስት ወርዷል» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ጎተራ ላይ «ወራጅ» ብለው ወረዱ።

እነዚህ ሦስት ንግግሮች ሳምንቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልጠፉም። ወጣቱ፣ እናቲቱና ሽማግሌው ሳይተዋወቁ አንድ ጥያቄን በሦስት በኩል ይዘውታል።

ከወጣቱ ልጀምር። የተናገረው ሐሳብ ለእኛ ባዕድ አይደለም። አለመግዛት ምን እንደሚያደርግ በየዓመቱ እናየዋለን። ዐቢይ ጾም ሲገባ ጿሚው 55 ቀን ሥጋና ወተት ትቶ ይቆያል። ጎፋና ቄራ አካባቢ የሚኖር ሰው ይህን በዓይኑ ያውቀዋል፤ ልኳንዳ ቤቶች ይዘጋሉ፣ ሥጋ ቆራጩ ቢላዋውን ጠቅልሎ አገር ቤት ዘመድ ሊጠይቅ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሰፊና ጽኑ የሆነ ከመግዛት መታቀብ በየትኛውም የአድማ ጥሪ አይመጣም። ታዲያ የፋሲካ ዋዜማ ዶሮ ስንት ይጠራል? በግስ? ሁለት ወር ሙሉ ያልገዛነውን ሁላችንም በሁለት ቀን ልንገዛው ስለምንወጣ ዋጋው ሰማይ ይነካል። ፍላጎታችን ቀን ጠበቀ እንጂ አልቀረም።

የአንድ ቀን የቤንዚን አድማም እንደዚሁ ነው። ዋዜማውን ባለመኪናው ሁሉ ሙሉ አስቀድቶ ያድራል፤ በማግስቱም ሰልፉ ይረዝማል። አሜሪካኖች ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1999 ማንም ቤንዚን እንዳይገዛ የሚል ጥሪ በኢሜይል ከቤት ቤት ተዛምቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም በየጊዜው ተደጋግሟል። መኪናው ግን በዚያም ቀን ሲሄድ ነው የዋለው፤ የሄደበትን ቤንዚን ወይ ትናንት ቀድቶታል ወይ ነገ ይቀዳዋል። ለኩባንያዎቹ የሳምንቱ ሽያጭ ያው ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ከዚህ የባሰ ምክንያት አለ። ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ ከለቡ እስከ መካኒሳ በየትኛውም ማደያ ብትገቡ፣ ኖክም ይሁን ቶታል፣ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ አንድ ነው። ዋጋውን የሚያወጣው መንግሥት ነው፤ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ያሳውቀዋል። ነዳጁን ከውጭ የሚገዛው የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ነው። ጅቡቲ ወደብ ይራገፋል፤ ቦቴዎች ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው እዚህ ያደርሱታል። ባለማደያው በሊትር የሚያገኘው ትርፍ እንኳ ተወስኖ የተሰጠው ነው። እንግዲህ እኔና እናንተ አንድ ቀን ሳንቀዳ ብንውል ምን ሊያደርግ ይችላል? ልቀንስ ቢል ሥልጣን የለውም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼኔ ነው። ፀሐይና ዝናብ ላይ ቆሞ የሚውለው ነዳጅ ቀጂ ላይ የሚጮህ ሰው ባየሁ ቁጥር ልቤን ያመኛል፤ ያ ልጅ ከዋጋው አንዲት ሳንቲም አልጨመረም።

ደግሞም አለመግዛት የሚሠራው ሻጩ ዕቃው እንዳይበላሽበት ሲፈራ ነው። የቲማቲም ነጋዴ እስከ ማታ ካልሸጠ ነገ የሚጥለው ነው፤ ስለዚህ ስትመልሱለት ይጠራችኋል። ቤንዚን ግን ከመሬት በታች በታንከር ተቀምጦ ያድራል። ቦቴ በሚጠበቅበት ከተማ ውስጥ ደግሞ እኔ የተውኩትን ከኋላዬ የተሰለፈው ይቀዳዋል፤ እሱ የተወውን ጀሪካን ይዞ የሚጠባበቅ አለ።

የዋጋውንም መንገድ አስታውሱ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሆነ። በ2017 መስከረም መጨረሻ 91 ብር ከ14 ሳንቲም ደረሰ። በዚያው ዓመት የገና ሰሞን 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ፤ ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። በመካከሉ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዓመት ሳይሞላው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ነዳጅ የሚገዛው በዶላር ነው። በዓለም ገበያ በርሜሉ ባለበት ቢቆም እንኳ ለእኛ ይወደዳል። ዓለም በቀን 100 ሚሊዮን በርሜል ገደማ ይጠቀማል፤ አዲስ አበባ አንድ ቀን ሳትቀዳ ብትውል በዚያ ገበያ ማንም ልብ አይለውም።

አሁን ወደ ሽማግሌው ልመለስ። «በስድሳ ስድስት ወርዷል» ያሉት እውነት ነው።

በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት በዓረቦችና በእስራኤል ጦርነት የተነሳ የዓረብ አገሮች ዘይታቸውን ያዙ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ የዓለም ዋጋ አራት እጥፍ ገደማ ሆነ። ያኔ አሰብ ላይ የራሳችን ማጣሪያ ነበረን፤ ድፍድፉ ግን ከውጭ ነበር የሚመጣው። መንግሥት የቤንዚንን ዋጋ በ50 በመቶ ከፍ አደረገ። የታክሲ ታሪፍ ግን አልተነካም። ሹፌሩ ቤንዚኑን በአዲሱ ዋጋ ቀድቶ ሰውን በድሮው ዋጋ ያመላልስ ተባለ ማለት ነው። የካቲት 11 ቀን፣ ሰኞ፣ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። በዚያው ቀን መምህራን ሴክተር ሪቪው የተባለውን የትምህርት ዕቅድ ተቃውመው አድማ መቱ። ተማሪው ጎዳና ወጣ። ከተማይቱ ቆመች። በስድስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ የካቲት 16፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝብ ንግግር አደረጉ፤ የቤንዚን ዋጋ እንዲቀነስ፣ የትምህርት ዕቅዱም እንዲዘገይ ተወሰነ። የካቲት ሳያልቅ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ።

የሽማግሌው ትዝታ ይህ ነው። እዚህ ላይ ግን ቆም ብዬ ማየት የምፈልገው ነገር አለ። እነዚያ ታክሲ ነጂዎች ማደያ አልገባም ብለው አልነበረም ያሸነፉት። መንዳትን ነው የተዉት። መንግሥትን ያስጨነቀው በማደያ ውስጥ ያደረው ቤንዚን ሳይሆን ቢሮው ያልደረሰው ጸሐፊ፣ ገበያ ያልወጣው ነጋዴ፣ ባዶውን የዋለው መንገድ ነው። ጥያቄውም የቀረበው ዋጋውን ለጻፈው ክፍል በቀጥታ ነው። መንግሥቱም በዚያ ሰዓት የወሎ ረሃብ ገመናውን ገልጦበት፣ ነገሌ ቦረና ላይ ወታደሩ አጉረምርሞበት ነበር። አንዱን ቀን መርጠን ብንደግመው ያው ውጤት ይመጣል ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ሁሉ ይዘነጋል። ያን ሳምንት መልሼ የምመኝም አይደለሁም። ብዙ ሰዎች ታስረውበታል፤ ከዚያ በኋላ የመጡትን ዓመታትም የማያስታውስ ቤት የለም።

ናይጄሪያም ተመሳሳይ ነገር አይታለች። እ.ኤ.አ. በ2012 የመጀመሪያ ቀን መንግሥት ድጎማውን ሲያነሳ 65 ናይራ የነበረው ሊትር 141 ናይራ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ሠራተኛው በመላ አገሪቱ ሥራ አቆመ፤ በሦስተኛው ሳምንት ዋጋው 97 ናይራ ተደረገ። እዚያም ዋጋውን የሚያወጣው መንግሥት ነበር።

ሞሮኮ ግን ሌላ ናት፤ ለወጣቱ ሐሳብ የምትቀርበውም እሷ ናት። ሞሮኮ የነዳጅ ዋጋን እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ለኩባንያዎች ለቃለች። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2018 ሕዝቡ ሦስት ነገር አንገዛም አለ፤ የአንድ ኩባንያ ወተት፣ የአንድ ኩባንያ የታሸገ ውሃና አፍሪቂያ የተባለውን ማደያ። ያቆሙትም ለአንድ ቀን ሳይሆን ለወራት ነው። የወተቱ ኩባንያ ሽያጩ ወርዶ በመጨረሻ ዋጋውን ቀነሰ። የማደያው ባለቤት፣ ያኔ የግብርና ሚኒስትር የነበሩት አዚዝ አኽኑሽ፣ ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ወተት ከሌላ ኩባንያ ይገዛል፤ ቢታጣም ሻይ በባዶው ይጠጣል። ቤንዚን ግን ከማደያ ማደያ ቢቀያየርም ያው ቤንዚን ነው። የሞሮኮ የነዳጅ ኩባንያዎች ገንዘብ ከኪሳቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2023 የአገሪቱ የውድድር ምክር ቤት ዘጠኙን 1.84 ቢሊዮን ድርሃም ሲያስከፍላቸው ነው።

እንግዲህ ለወጣቱ የምሰጠው መልስ አጭር ነው። አንድ ቀን አለመቅዳት የቤንዚንን ዋጋ አይቀንስም። ተደራጅቶ፣ ለወራት ጸንቶ፣ ዋጋ የማውጣት ሥልጣን ባለው ሻጭ ላይ ሲሆን የሚሠራበት ጊዜ አለ፤ ማደያዎቻችን ግን ያ ሥልጣን የላቸውም።

የእናቲቱ ጥያቄ ግን ከዚህ ይከብዳል። «ምኑን ላቁም?» አሉ። ፌስታላቸው ውስጥ ያለው ሽንኩርት አትክልት ተራ የደረሰው በአይሱዙ ነው፤ አይሱዙው በናፍጣ ይሄዳል። ጤፉም እንደዚያው። ታሪፉ ሲጨምር ከሳሪስ ጎተራ፣ ከጎተራ ሜክሲኮ፣ ሲመለሱም እንደገና ይከፍላሉ። መኪና ሳይኖራቸው በየቀኑ ነዳጅ ይቀዳሉ ማለት ነው፤ መቅዳታቸውን ለማቆም ግን ቧንቧው በእጃቸው የለም። መንግሥት ርካሽ ነዳጅ የሚጠቅመው ባለመኪናውንና ኮንትሮባንዲስቱን ነው ሲል እሰማለሁ፤ ባለ ብዙ መኪናውን በተመለከተ እውነቱን ነው። ለሚኒባስና ለአውቶቡስም የተለየ ድጎማ ተመድቦ ነበር። እኚህን እናት በተመለከተ ግን ይህ ክርክር አያሳምነኝም።

እሳቸው ማድረግ የሚችሉት ነገር አለ ወይ ብዬ ሳስብ ዓይኔ የሄደው ከሚኒባሱ መስኮት ውጭ ነው። ያን ጠዋት የሄድንበት መንገድ፣ ከሳሪስ ጎተራ፣ ከጎኑ የባቡር ሐዲድ አለው። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር በመጀመሪያ የተከፈተው የቃሊቲው መስመር ይኸው በሳሪስ የሚያልፈው ነው። ለባቡሩ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቷል፤ የገቡት ባቡሮችም 41 ነበሩ። ከእነዚያ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመዋል። ጣቢያው ላይ የሚጠብቀው ሰው ሲሰለቸው ወደ ሚኒባስ ይወርዳል።

ባለመኪናውማ መንገድ ጀምሯል። ከጥር 2016 ወዲህ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል፤ አገር ውስጥ የገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ከ100 ሺህ በላይ እንደሆኑም ተናግሯል። ለዘለቄታው አለመቅዳት ማለት ይህ ነው፤ ዋጋውን ባይቀንስም ሰውየውን ከሰልፉ ያወጣዋል። ግን ያቺን መኪና የሚገዛ ስንት ነው? ፌስታል ይዘው ሚኒባስ የሚጠብቁት እናት ዕድላቸው የጋራ መጓጓዣ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬን ወደ ማደያው ሳይሆን ዋጋው ወደሚጻፍበት ቦታ እወስዳለሁ። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ኃላፊዎች፣ አዲስ ዋጋ ስታሳውቁ ዝርዝሩን በአንድ ገጽ፣ ማንም አንብቦ በሚረዳው አማርኛ አብራችሁ አውጡልን፤ የግዢው ስንት፣ የማጓጓዣው ስንት፣ የግብሩ ስንት፣ የባለማደያው ስንት እንደሆነ ይታወቅ። የምንከፍለውን ስናውቅ ማንን እንደምንጠይቅም እናውቃለን፤ ነዳጅ ቀጂውም ከስድብ ያርፋል።

የከተማችን አስተዳደር ደግሞ፣ እባካችሁ የቆሙትን ባቡሮች ጠግኑልን። ከሳሪስ እስከ ጎተራ ሐዲዱ ተዘርግቷል፣ ጣቢያዎቹ ተሠርተዋል፣ ባቡሩ የሚሄድበት መብራትም ከራሳችን ወንዞች የሚመጣ ነው።