የላቲን ቁጥሮችና የአንድ ቃል መዘዝ

(ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



የላቲንን ሰዋስው የሚማር ሰው ቁጥር ላይ ሲደርስ ጥቂት የሚያርፍ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። «አንድ» ለወንድ ኡኑስ፣ ለሴት ኡና፣ ወንድም ሴትም ላልሆነው ስም ኡኑም ይባላል። ሁለትና ሦስትም እንደ ስሙ ጾታና አገባብ ይለዋወጣሉ። የግዕዙን አሐዱና አሐቲ ለሚያውቅ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ከአራት እስከ ሃያ ያሉት አይለወጡም። እኛ «ሁለት ሁለት» ብለን ደግመን የምንለውን ግን ላቲን ቢኒ በሚል ሌላ ቃል ይለዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው አንደኛ፣ ሁለተኛ የሚባለው የተራ ቁጥር ነው። ሮማውያን ሲቆጥሩ መነሻውንም መድረሻውንም ይጨምሩ ነበርና። በየ8 ቀኑ የሚውለውን ገበያቸውን እንኳ ከዘጠኝ በወጣ ስም ኑንዲናይ ይሉት ነበር።

የዚህን ልማድ መዘዝ እንመልከት። ዩልዮስ ቄሣር ያሻሻለው የዘመን አቆጣጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 ዓመት ሥራ ላይ ዋለ። በአራት ዓመት አንድ ቀን እንዲጨመር ታስቦ ነበር፤ ይህም በላቲን «ኳርቶ ክዎክዌ አኖ»፣ ማለት «በየአራተኛው ዓመት» ይባላል። ቄሣር በ44 ተገደለ። ቆጠራውን የሚጠብቁት ካህናት ግን ቀን የተጨመረበትን ዓመት ራሱን አንድ ብለው ስለ ቆጠሩ፣ በየሦስት ዓመቱ ይጨምሩ ጀመር።

በእኛ አቆጣጠር ብናየው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ነው። ሉቃስን አንደኛ፣ ዮሐንስን ሁለተኛ፣ ማቴዎስን ሦስተኛ ብሎ የቆጠረ ሰው አራተኛው ማርቆስ ይሆንበታል፤ ሉቃስ ሳይደርስ ቀን ይጨምራል ማለት ነው።

እንዲህ ሆኖ በ36 ዓመት ውስጥ 9 ቀን መጨመር ሲገባ 12 ተጨመረ። አውግስጦስ ቄሣርም ትርፎቹ 3 ቀኖች እስኪካሱ ድረስ ጭማሪው እንዲቋረጥ አዘዘ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እነዚያ ካህናት ላቲንን ከእናታቸው አፍ የተማሩ ነበሩ፤ የቃሉም እርባታ አልጠፋቸውም። የጠፋቸው «ከየት ጀምረን እንቁጠር?» ብሎ መጠየቅ ነው። እኛም ለፈተና እርባታውን በቃላችን ስናጠና ይህን ጥያቄ አንርሳ።