ጉልበትና ልጓም፦ ባለ አራት ጎማ ጎታች መኪና ስለ መያዝ፣ ዕቃ ስለ መጨመርና ተሳቢ ስለ መሳብ

በሜካኒካል ምሕንድስና ትምህርት ክፍል ለሕዝብ ክፍት በሆነው የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ



የዛሬው ርእሴ ለዚህ አዳራሽ ዝቅ ያለ መስሎ ሊታይ ይችላል። ከዚህ መድረክ ስለ ተርባይንና ስለ ባቡር ሐዲድ ሲነገር ሰምታችኋል፤ እኔ ግን የምናገረው በግቢያችን ዛፍ ሥር ቆማ ስለምታዩአት አሮጌ ፕራዶ ነው። ያገለገለች መኪና ሆና ከገዛኋት አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። ስለ እርሷ ልናገር የወደድሁበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ በአገራችን የውሃ ጉድጓድ የሚያጠናው፣ ክትባት የሚያደርሰው፣ ለጥናቱ መረጃ የሚሰበስበው ባለሙያ አስፋልቱ ካለቀበት ወዲያ የሚደርሰው በዚህ ዓይነት መኪና መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉትን በእውቀት ጠብቆ ማቆየት ግድ መሆኑ ነው።

ሦስት ነገሮችን አነሣለሁ፤ መኪናዋን መያዝን፣ በላይዋ ዕቃ መጨመርንና በእርሷ ተሳቢ መሳብን። ሦስቱን የሚያስተሳስራቸው አንድ ጉዳይ ክብደት ነው። በመጨረሻም ስለ ራሴ ስሕተት እናገራለሁ፤ በእውነቱ ይህን ንግግር ያዘጋጀሁት ለእርሱ ስል ነው።

ከአሠራሯ ልጀምር። ቶዮታ የዚህን ቤተሰብ አያት ቢጄ በሚል ስም የሠራው እ.ኤ.አ. በ1951 ነበር፤ ላንድ ክሩዘር የሚለው ስም የመጣው በ1954 ሲሆን፣ ፕራዶ የሚለው መጠሪያ የታከለው በ1990 ነው። የእኔዋ እ.ኤ.አ. በ2002 ከወጣው ትውልድ ናት። አካሏ ከሻንሲ ተነጥሎ የሚነሣ ነው፤ ማለትም ሸክሙን የሚችለው መሰላል መሳይ የብረት አጥንት እንጂ የምናየው ቆርቆሮ አይደለም። ኃይል ዘወትር ወደ አራቱም ጎማዎች ይሄዳል። በፊትና በኋላ አክስሎች መካከል ያለው ዲፈረንሻል መኪናዋ ስትታጠፍ ሁለቱ አክስሎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ይፈቅዳል። ይህ ዲፈረንሻል በጭቃና በአሸዋ ላይ ይቆለፋል፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ግን ተቆልፎ ሊነዳ አይገባም፤ የፊትና የኋላ ጎማዎች የመንገድ ልዩነት መውጫ ስለሚያጣ ጊርና አክስሉን ያስጨንቃል። ሌላው መሣሪያ የጉልበት ማርሽ ነው። የጎማውን ፍጥነት ወደ ሁለት ተኩል እጥፍ ግድም ቀንሶ ኃይሉን በዚያው ልክ ያበዛዋል። ብዙ ሰው ይህን ማርሽ ለዳገት ብቻ የተፈጠረ ያስመስለዋል። ለቁልቁለት የሚሰጠውን ጥቅም ኋላ እናየዋለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም። ኃይል ወደ አራት ጎማ መሄዱ ለመጓዝ እንጂ ለመቆም አይረዳም። ፍሬን ማንኛዋም መኪና በአራቱም ጎማ ላይ አላት። ስለዚህ ባለ አራት ጎማ ጎታች መኪና ከሌላዋ የምትበልጠው በመነሣት ነው፤ በመቆም ግን ክብደቷ ይብሱን ያጎድላታል።

መኪናዋን በደጋ መያዝ የራሱ ጠባይ አለው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን በዚያው መጠን ያጣል፤ ተርቦ ያለው ጉድለቱን በአመዛኙ ያካክሳል። ነገር ግን በራዲያተሩ በኩል የሚያልፈውም አየር ያው ሥሥ አየር ስለሆነ የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ደጋ ላይ ተሳቢ የሚስብ ሰው የራዲያተር ውሃን፣ የአድናቂውን ቀበቶና የሞተር ዘይትን ከቆላ ሰው ይልቅ አዘውትሮ ሊያይ ይገባዋል። ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ደግሞ የፍሬን ዘይት ነው። ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ በትንሹ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቅበታል፤ ውሃ ሲገባበት ግን የሚጠበቅበት ወለል ወደ 140 ይወርዳል። ለዶት 4 እነዚህ ቁጥሮች 230 እና 155 ናቸው። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይፈጥራል፤ እንፋሎት ይታመቃል፤ የታመቀ ነገር ደግሞ የእግርን ግፊት ለጎማው አያደርስም። ይህን ዐረፍተ ነገር እባካችሁ አስታውሱልኝ።

አሁን ወደ ተጨማሪ ዕቃዎች ልሻገር። ባለቤት መኪናውን ሲወድ ያስጌጣታል፤ እኔም አስጊጫታለሁ። ከፊት የብረት መከላከያ፣ በእርሱ ውስጥ ዊንች፣ ከላይ ፖርቶ መጋላ፣ በፖርቶ መጋላው ላይ ድንኳን፣ ሁለተኛ ባትሪ፣ ሁለተኛ ተቀያሪ ጎማ፣ የነዳጅ ጀሪካኖች። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። አንድ ላይ ግን እንመዝናቸው። መከላከያው 60 ኪሎ ግራም፣ ዊንቹ 35፣ ፖርቶ መጋላው 30፣ ድንኳኑ 60፣ ባትሪው 25፣ ጎማው ከነቸርኬው 35፣ ሰማንያ ሊትር ናፍጣ ከነመያዣው 70 ነው ብንል ድምሩ 315 ይሆናል። የመኪናዋን የመጫን አቅም 700 ኪሎ ግራም አድርገን እንውሰድ። አምስት ሰው በአማካይ ሰባ ሰባ ኪሎ ግራም ቢመዝን 350 ነው። የቀረን 35 ኪሎ ግራም ብቻ ነው፤ ሻንጣ፣ ውሃና ስንቅ ገና አልተጫነም።

ከመጠኑ ሌላ ክብደቱ የሚቀመጥበት ቦታም ይቆጠራል። በጣሪያ ላይ የተጫነ ክብደት የመኪናዋን ሚዛን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ በመታጠፊያ ላይ የመገልበጥ ዝንባሌዋን ይጨምራል። ዙሪያው በ5 በመቶ የሚበልጥ ጎማ ሲገጠም የፍጥነት መለኪያው 100 ሲያሳይ መኪናዋ 105 ትሄዳለች፤ ማርሹም በዚያው ልክ ይሳሳል፤ ፍሬኑም የሚታገለው ከረዘመ ክንድ ጋር ነው። የፊት የብረት መከላከያ ከከብት ያድናል ይባላል፤ ነገር ግን ለመታጠፍና የግጭትን ጉልበት ለመዋጥ የተሠራውን የመኪናዋን አፍንጫ በማይታጠፍ ብረት ይሸፍነዋል፤ ለእግረኛም የባሰ አደጋ ነው። ዛሬ እንደገና ብገዛ ገንዘቤን የማውልባቸው ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፤ ጥሩ ጎማ፣ የጎማ ግፊት መለኪያና መንፊያ፣ የእሳት ማጥፊያ፣ አካፋ፣ በሻንሲ ላይ በትክክል የታሠረ መጎተቻ።

ስለ መጎተቻ ካነሣሁ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ጭቃ የያዘውን መኪና በተሳቢ ኳስ ላይ ገመድ አጥልቆ መሳብ ፈጽሞ አይገባም። ኳሷ የተሠራችው ለዝግታ ሸክም ነው፤ በድንገት ስትነጠቅ ልትሰበርና እንደ ጥይት ልትወነጨፍ ትችላለች። በዚህ መንገድ ሕይወታቸው ያለፈ ሰዎች አሉ።

ወደ ተሳቢ እንምጣ። ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ከክብደቱ አሥር በመቶ ያህሉን በመኪናዋ ኳስ ላይ እንዲያሳርፍ ተደርጎ ይጫናል። ሸክሙ ወደ ኋላ ካመዘነ ተሳቢው ፍጥነት ሲጨምር መወዛወዝ ይጀምራል፤ የተጀመረን መወዛወዝ መሪ በማዞር ለማቆም መሞከር ደግሞ ያባብሰዋል። ስለዚህ ተሳቢው 1,500 ኪሎ ግራም ከሆነ በኳሷ ላይ 150 ያርፋል። ይህ ቁጥር ከመኪናዋ የመጫን አቅም ላይ ይቀነሳል፤ ቀደም ሲል የቀረን 35 ነበር። እንግዲህ አንድም ሻንጣ ሳንጭን 115 ኪሎ ግራም አልፈናል ማለት ነው። ነገሩ በዚህም አያበቃም። ኳሷ ያለችው ከኋላ አክስል በስተኋላ ነው። ርቀቷን 1.2 ሜትር፣ በሁለቱ አክስሎች መካከል ያለውን 2.79 ሜትር ብለን ብናሰላው፣ ያ 150 ኪሎ ግራም በኋላ አክስል ላይ 215 ያህል ሆኖ ይደርሳል፤ ከፊት አክስል ላይ ደግሞ 65 ያህል ያነሣል። ፊቱ የቀለለ መኪና መሪውም ፍሬኑም ይደክማል።

ይህን ሁሉ ስሌት ያን ጊዜም አውቀው ነበር። ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። የምነግራችሁ ነገር የሆነው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

ለመስክ ጥናት ጄኔሬተርና የውሃ መመርመሪያ መሣሪያ ይዘን ወደ ባሕር ዳር እንጓዝ ነበር። ተሳቢው በብየዳ ቤት የተሠራ፣ የራሱ ፍሬን የሌለው፣ ከነጭነቱ 1,500 ኪሎ ግራም የሚሆን ነው። በአውሮፓ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከ750 ኪሎ ግራም እንዳያልፍ መደንገጉን አውቃለሁ። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው» አልሁ። መሪውን የያዝሁት እኔ ነበርሁ፤ ከጎኔ የተቀመጡት የክፍላችን አንጋፋ ሾፌር ናቸው። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ጎሐ ጽዮን ቡና ጠጥተን ስንነሣ እንዲህ አሉኝ፤ «ዶክተር፣ አባይን የሚወጡበት ማርሽ ያውርድዎ።» እኔም ሞተሩ እንዳይጮህ፣ ፍሬኑ አዲስ ሸራ እንዳለው ነገርኋቸው። ጋሼ ዝም አሉ።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በከፍታ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወርዳል። መኪናዋና ተሳቢው በአንድነት 3,700 ኪሎ ግራም ነበሩ። 3,700 በ9.81 በ1,300 ሲባዛ 47 ሚሊዮን ጁል ይሆናል፤ 140 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 100 ዲግሪ የሚያደርስ ሙቀት ነው። በሌላ አነጋገር በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለሚወርድ ሰው፣ ጎማው ለመንከባለል የሚበላውን ከቀነስን በኋላ፣ 20 ኪሎ ዋት ያህል የሚውጠው ይፈልጋል፤ አምስት ወይም ስድስት የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ጊዜ እንደ መጣድ ነው። ይህን ሙቀት ሞተሩ ሊካፈለው ይችል ነበር። እኔ ግን በአራተኛ ማርሽ እየወረድሁ ሁሉንም በፍሬኑ ላይ ጫንሁት።

በመጀመሪያ ሽታ መጣ። ቀጥሎ ፔዳሉ ለሰለሰ። ድልድዩ ከታች በሚታይበት ቦታ እግሬ እስከ ወለሉ ሰመጠ፤ መኪናዋም አልያዘችም። በፊታችን ባለው መታጠፊያ ላይ አንድ ልጅ ፍየሎቹን ወደ ዳር ይነዳ ነበር። ጋሼ ድምፃቸውን ሳያነሡ «ሦስተኛ» አሉ፤ የእጅ ፍሬኑን በዝግታ መሳብ ጀመሩ። «ሁለተኛ» አሉ። ተሳቢው ከኋላ ሲገፋን ይሰማኛል። «ወደ ተራራው፣ ወደ ተራራው» አሉ። በቀኝ ያለውን የአፈር ግድግዳ እየፋቅን ሄደን ቆምን። የመኪናዋ ጎን ተገጠበ፤ የተሳቢው ማዕዘን ተጣመመ። ልጁ ከእኛ አሥር እርምጃ ርቆ ቆሞ ያየናል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ፔዳሉ እንደ ቀድሞው ጠነከረ። ሸራው ብቻ ግሎ ቢሆን ኖሮ ፔዳሉ ጠንክሮ መኪናዋ አትይዝም ነበር እንጂ እግሬ ወለል ድረስ አይሰምጥም ነበር። የሰመጠው ዘይቱ ስለፈላ ነው። ሸራውን ቀይሬ ዘይቱን ለዓመታት አልቀየርሁትም ነበር። ጥፋቱ የመኪናዋ አይደለም፤ ተሳቢውን የሠራው ሰውም ፍሬን አድርግልኝ አልተባለም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅርታ ስጠይቃቸው ጋሼ የመለሱልኝ ይህንኑ ነው፤ «የማያውቅ ሰው ቢሆኑ አላዝንም ነበር፤ ያወቁትን ነው ያልሰሙት።»

ውድ ተማሪዎች፤ «የወጣህበት ማርሽ ያውርድህ» የሚለው የሾፌሮች ብሂል የኃይል ጥበቃ ሕግ ነው። ዳገቱን ለመውጣት የሚያስፈልገው ጉልበትና ቁልቁለቱን ሲወርዱ የሚለቀቀው ጉልበት በመጠን አንድ ናቸው፤ ሞተሩ በዚያው ማርሽ ሲያዝ ድርሻውን ይወስዳል። ቁልቁለቱ የጠና፣ ሸክሙ የከበደ እንደ ሆነም የጉልበት ማርሽ ያለው ለዚህ ነው። ጋሼ ቀመሩን አልጻፉትም፤ በመቶ ጊዜ ምልልስ ግን ፈትነውታል። እኔ ቀመሩን ጽፌዋለሁ፤ አልፈተንሁትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የማደርገውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ከመንገድ በፊት መኪናዋን ከነጭነቷ፣ ከነሰዎቿና ከነተሳቢዋ በሚዛን ድልድይ ላይ አስመዝናታለሁ። የፍሬን ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ እቀይራለሁ። የራሱ ፍሬን የሌለው ከባድ ተሳቢ አልስብም። ከጣሪያዋ ድንኳኑን፣ ከፊቷም መከላከያውን አውርጃለሁ። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት፣ ገና ከአፋፉ ላይ፣ ማርሽ እቀንሳለሁ።

ጋሼ ባለፈው ዓመት በጡረታ ተሰናብተዋል። ለመስክ የሚወጣ ተማሪ ሁሉ ከመነሣቱ በፊት አንድ ቀን ከእርሳቸው ጋር እንዲውል ለትምህርት ክፍሉ ጥያቄ አቅርቤያለሁ፤ እርሳቸውም ፈቃደኛ ናቸው። መልሱን እጠብቃለሁ።