የጥር ወር ክፍያዬ ለምን ዘገየ?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር)

ሊቀመንበራችን «ያንን የወፍ ነገርሽን ለሁሉም ተናገሪው» ስትለኝ አፍሬ ነበር። ግን የጥር ወር ክፍያዬን በጊዜው ያልከፈልኩት እኔ ነኝ፤ ዋስ የሆኑኝ ሁለት እህቶች ከመቀነታቸው ፈትተው ሸፈኑልኝ። ምክንያቱን መስማት ይገባችኋል።

እንደምታውቁት በኅዳር መጨረሻ 20 ሺህ ብር ተበድሬ ነበር። ሐሳቤ በጓሮዬ የእንጀራ መጋገሪያ ቤት በቆርቆሮ ሠርቼ፣ ባለችኝ አንድ ምጣድ ላይ ሁለት መጨመር ነበር። ለገና ገበያ ይደርሳል ብዬ ቆጥሬአለሁ። ቦታው ላይ ግን ግራዋ ነበር። አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጠላ ሲጠምቁ ጋን የሚያጥቡበት ብለው የተከሉት ነው። ዛሬ ቤታችን ጠላ የሚጠምቅ የለም፤ ይቆረጥ አልኩ።

ባለቤቴን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ ግንበኛ ነው። ባለፈው ክረምት ከሥራ ላይ ወድቆ እግሩ ተሰብሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ውሎው የጓሮ በር ላይ፣ ዱካ ላይ ተቀምጦ ነው። አይናገርም። ሕፃኗን እንኳን «ያዛት» ስለው ዕቃ እንደሚቀበል ሰው ነበር የሚቀበለኝ። እኔ ሌሊት እጋግራለሁ፣ ቀን ለሱቆች አደርሳለሁ፤ እሱ ቤት ይውላል። ይህ እንዴት እንደከበደው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ታኅሣሥ 5 ቀን አንድ የቀን ሠራተኛ መጥረቢያ ይዞ መጣ። ባለቤቴ ክራንቹን አንስቶ «ተው!» ብሎ ጮኸ። ስንት ወር ዝም ያለ ሰው እንዲህ ሲጮኽ ደነገጥኩ። ለካ ግራዋው ላይ ዋኖስ ጎጆ ሠርታለች! እሱ ከመጀመሪያው ጭራሮ ጀምሮ ሲያያት ነበር። ወንዱ ጭራሮ አንድ በአንድ እየለቀመ ያመጣል፣ እሷ ተቀምጣ ከሥሯ ታስተካክላለች።

ተናድጄ ነበር። ለሠራተኛው የግማሽ ቀን ከፍዬ ሰደድኩት። ማታ ግን ወንበር ላይ ቆሜ አየሁት። ያ ጎጆ ተብሎ! ጥቂት ጭራሮ ተወርውሮ የተከመረ ይመስላል፤ ከታች ሲያዩት ብርሃን ያሳልፋል። እኔ ለምጣድ ቤቴ ስንት ማገር ስቆጥር፣ እነሱ በዚያ ላይ ሁለት ነጭ እንቁላል አስቀምጠዋል።

አንድ የገረመኝ ነገር አለ። በዋኖስና በርግብ ዘንድ ባልና ሚስት ተራ ገብተው ነው የሚታቀፉት። ሴቷ ሌሊቱን ታድራለች፤ ጠዋት ረፋዱ ላይ ወንዱ መጥቶ ይቀበላታል፣ እሷ ለቅማ ለመብላት ትሄዳለች። ወደ ማታ ትመለሳለች። በመልክ አንለያቸውም፣ ሁለቱም አንገታቸው ግራና ቀኙ ላይ ጥቁር አላቸው። በሰዓታቸው ነው የለየናቸው። አንድ ጠዋት እንጀራ ተሸክሜ ስወጣ ወንዱ መጣ። እኔም «አየህ፣ ቀን ቤት የሚውለው እሱ ነው» አልኩት። «እኔን ወፍ አደረግሽኝ?» ብሎ ሳቀ። ከወደቀ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሁለት ሳምንት ያህል ታቅፈው ጫጩቶቹ ወጡ። ዓይናቸው ያልተገለጠ፣ ቢጫ ጠጉር ጣል ጣል ያለባቸው፣ እውነቱን ለመናገር አስቀያሚዎች ናቸው። ከዶሮ ጫጩት ጋር አይገናኙም፤ የዶሮ ጫጩት በተፈለፈለች ማግስት ትጭራለች። እነዚህ ወተት ይጠባሉ ብል ትስቁብኛላችሁ። የአሥራ አንደኛ ክፍሉ ልጄ ከመጽሐፍ አግኝቶ ነው ያስረዳን። እናትም አባትም ማንቁርታቸው ውስጥ እንደ አይብ ያለ ነገር ያመነጫሉ፤ ጫጩቱ ምንቃሩን ወላጁ አፍ ውስጥ ከትቶ ያንን ይበላል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ምግባቸው እሱ ብቻ ነው፣ ቀስ በቀስ የራሰ ጥሬ ይጨመርበታል። ይህን የሚያዘው ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን ሲሆን፣ የእኛንም የጡት ወተት የሚያዘው እሱ ነው። አባትየውም ያጠባል ማለት ነው። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ምንም አላለም። በማግስቱ ግን ስመለስ ሕፃኗን አጥቦ፣ ገንፎ አብልቶ፣ አስተኝቶ አገኘሁት።

ወፍ አይቶ ዳነ እንዳትሉኝ። እግሩን ያዳነው ሐኪምና ጊዜ ነው፤ ዛሬም ያነክሳል። ግን ማታ ማታ የሚነግረኝ ነገር ነበረው። ቁራ መጥቶ እንዴት በክራንች እንዳባረረው፣ ውሃ ባስቀመጠላቸው ሳህን ላይ እንደ ዶሮ ቀና ሳይሉ ምንቃራቸውን ነክረው እንዴት እንደሚመጡት። እየነገረኝ ሳለ ስለ ወደቀበት ቀንም ነገረኝ። ስድስት ወር ያልነገረኝን።

የገና ገበያ አመለጠኝ። ጎረቤቶቼ ከሌላ ሲገዙ እያየሁ ሆዴ ይቃጠል ነበር፤ ይህንንም አልደብቃችሁም። ከገና በፊት አንዱ ጫጩት ሌሊት ወድቆ ሞቶ አደረ። ድመት ይሁን ነፋስ አላየንም። ባለቤቴ ቆፍሮ ቀበረው። ሌላው ግን ጠጉሩ ሞልቶ፣ ከጥምቀት ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ አጥሩ ላይ ወጣ፤ እየወደቀም እየበረረም ጎረቤት ግቢ ገባ።

ግራዋውን ቆረጥኩት። የምታዝኑብኝ ትኖራላችሁ፣ ግን ዕዳ አለብኝ፣ ሌላ ቦታም የለኝም። ባለቤቴ አስቀድሞ ሦስት ቅርንጫፍ ቆርጦ በአጥሩ ጥግ ተክሎ ነበር፤ ሁለቱ ይዘዋል። የምጣድ ቤቱን የገነባውም እሱ ነው፣ ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ ልጄ ጭቃ እያቀበለው። የግንበኛ ዋጋ ስላልከፈልኩ ከብድሩ የተረፈችኝ ገንዘብ አለች። የጥርንና የየካቲትን አንድ ላይ የከፈልኩት ከእሷ ነው። ለዋሶቼም መልሻለሁ።

አሁን ሦስቱም ምጣድ ይሠራል። ሁለት ዋኖሶች ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮው ላይ ይቀመጣሉ፤ የእኛዎቹ ይሁኑ ሌሎች አላውቅም። ባለቤቴ የእኛዎቹ ናቸው ብሎ ይከራከራል።

የመጋቢት ክፍያዬ ይኸው፤ ገንዘብ ያዣችን፣ እባክሽ እዚሁ ቁጠሪልኝ።