ከወገዳ እስከ ሮማ፤ ስምና ልደት በባዕድ መዝገብ



በዛሬው ንግግራችን በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ካሉት አገሮች ወደ አንዲቱ፣ ወደ ኢጣልያ፣ በሕጋዊ መንገድ ሄዶ ለመኖር የሚያስብ ሰው ምን ምን እንደሚያስፈልገው ጥቂት ነገር ለማስረዳት አስበናል። ስለ ሮማ ሕንጻዎች፣ ስለ አገሩ ወይንና ወይራ ብዙ ተብሏል፤ እኛ ግን የምንናገረው ስለ ወረቀት ነው። ወረቀት ሲባል ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን ባሕር ተሻግሮ የሄደ አባት ከልጁ ጋራ የሚገናኘው ወይም ተለያይቶ የሚቀረው በወረቀት ምክንያት መሆኑን ስንመለከት፣ ነገሩ ከባድ ሆኖ እናገኘዋለን። አብዛኞቻችሁም በመሥሪያ ቤት ብዕር የምትይዙ የመንግሥት ሠራተኞች ስለ ሆናችሁ፣ ጉዳዩ ተጓዡን ብቻ ሳይሆን እናንተንም ይነካል።

ለምሳሌ ያህል አንድ የስማዳ ተወላጅ እንውሰድ። ቤቱ በደቡብ ጎንደር፣ በወረዳው ዋና ከተማ በወገዳ ነው እንበል። ይህ ሰው ኢጣልያ ደርሶ ሥራ ይዟል፤ ሚስቱና ልጁ ግን ከዐባይና ከበሽሎ ወዲህ፣ ወገዳ ቀርተዋል። አሁን ወደ እርሱ ሊወስዳቸው ይፈልጋል። የኢጣልያ ሕግ ይህን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን በቂ ገቢና ተስማሚ መኖሪያ ያለው መሆኑን፣ ሴቲቱ በእውነት ሚስቱ፣ ልጁም በእውነት ልጁ መሆኑን በሰነድ እንዲያስረዳ ይጠይቀዋል። ልጁም ማመልከቻው በቀረበበት ቀን 18 ዓመት ያልሞላው መሆን አለበት። እንግዲህ ችግሩ ከዚህ ላይ ይጀምራል።

መጀመሪያ ስለ ልደት ቀን እንናገር። የእኛ ዘመን ከአውሮፓው ዘመን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ገደማ በ7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ግን በ8 ዓመት እንደሚለይ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ብዙ ጊዜ ግን ጸሓፊው ሲቸኩል ወሩን ሳይመለከት 7 ወይም 8 ይደምራል፤ ቀኑንም እንዳለ ይተወዋል። የዚህ ሰው ልጅ የካቲት 3 ቀን 2001 ዓ.ም. ተወለደ እንበል። ትክክለኛው የአውሮፓ ቀን ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2009 ነው። ጸሓፊው 7 ብቻ ደምሮ 2008 ብሎ የጻፈ እንደ ሆነ፣ ልጁ በወረቀት ላይ በአንድ ዓመት አደገ ማለት ነው። እውነተኛ ዕድሜው ገና 17 ሳለ፣ መዝገቡ 18 ሞላው ብሎ በሩን ይዘጋበታል። በአንድ ቁጥር ስሕተት አንድ ዓመት ተሰረቀ፤ ከዓመቱም ጋራ አባት ሊሰረቅ ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ስም ነው። በእኛ ልማድ ሰው የራሱን ስም ከአባቱ ስም ጋራ አስከትሎ ይጠራል እንጂ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም የለውም። የኢጣልያ መዝገብ ግን «ኮኞሜ» የሚባለው የቤተሰብ ስም ካልገባበት አይሞላም። ከዚህ የተነሣ አባትና ልጅ በአንድ ቤት እየኖሩ በመዝገብ ላይ ሁለት የተለያየ የቤተሰብ ስም ይዘው ይገኛሉ። ለእኛ ይህ የተለመደ ነው፤ ለጣልያናዊው ጸሓፊ ግን እንግዳ ነገር ነው። ስለዚህ ዝምድናቸውን በግልጽ የሚመሰክርላቸው የልደት የምስክር ወረቀት ይሆናል።

በዚህም ላይ የአጻጻፉ ጉዳይ አለ። ኀይለ ማርያም የሚለው ስም በአንዱ ወረቀት ተያይዞ፣ በሌላው ተለያይቶ ቢጻፍ፣ የባዕዱ አገር መዝገብ ሁለት ሰው አድርጎ ይቈጥረዋል። ቀ የሚለው ፊደል አንድ ጊዜ በኬ፣ ሌላ ጊዜ በኪው ቢጻፍ ነገሩ እንደዚሁ ነው። ቄስ ወይም መሪጌታ የሚለው ማዕርግ ከስም ጋራ ተቀላቅሎ የገባ እንደ ሆነማ፣ ማዕርጉ ራሱ ስም ሆኖ ይቀራል።

ስማችን በሮማ መለወጡ የዛሬ ነገር አይደለም። የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1548 እና በ1549 በሮማ ያሳተሙት አባ ተስፋ ጽዮን፣ በዚያ አገር ሰዎች ዘንድ የሚታወቁት ፒዬትሮ በሚል ስም ነበር። እርሳቸውን የተቀበላቸው በቫቲካን ውስጥ የነበረው የቅዱስ እስጢፋኖስ የኢትዮጵያውያን ማረፊያ የሰውየውን ዕውቀት እንጂ የልደት ወረቀቱን አልጠየቀም። ዛሬ ግን እንግዳን የሚቀበለው መዝገብ ነው፤ መዝገብም ፊት አያውቅም፤ የሚያውቀው የተጻፈውን ብቻ ነው።

ይህንንም በአንድ ነገር እናስረዳ። በኢጣልያ የሚኖር ሰው ሁሉ «ኮዲቼ ፊስካሌ» የሚባል የግብር መለያ ያስፈልገዋል። ያለዚህ መለያ ደመወዝ መቀበል፣ ቤት መከራየት፣ ሐኪም ቤት መመዝገብ አይቻልም። መለያው 16 ፊደልና ቁጥር ያለው ሲሆን፣ የሚሠራውም ከቤተሰብ ስም፣ ከራስ ስም፣ ከልደት ቀን፣ ከጾታና ከትውልድ አገር ተውጣጥቶ ነው። ለሴቶች በተወለዱበት ቀን ላይ 40 ይደመራል፤ በ12ኛው ቀን የተወለደች ሴት 52 ተብላ ትጻፋለች። እንግዲህ ስሙ ወይም ቀኑ ከተሳሳተ መለያውም ይሳሳታል፤ ስሕተቱም ከደመወዙ ወደ ጡረታው፣ ከጡረታው ወደ ሕክምናው እየተከተለ ይሄዳል።

ታዲያ ተጓዡ ምን ያድርግ? ከሁሉ አስቀድሞ የልደትና የጋብቻ የምስክር ወረቀቶቹን በተወለደበት ወረዳ ያስጨርስ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል፤ ልደትም በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ታዟል። በሽማግሌ ፊት ወይም በቤተ ክርስቲያን የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ የጸና ቢሆንም፣ የምስክር ወረቀት ካልወጣለት በባዕድ መሥሪያ ቤት ዘንድ እንዳልተፈጸመ ይቈጠራል። ወረቀቶቹም ወደ ኢጣልያንኛ ተተርጉመው፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጠው፣ በአዲስ አበባ ባለው የኢጣልያ ኤምባሲ ሊጸኑ ይገባል። ሰነዱ የሚያጠራጥር ከሆነ ቈንስሉ የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ሊጠይቅ ይችላል፤ ወጪውም የሚወድቀው በቤተሰቡ ላይ ነው።

ተጓዡ ኢጣልያ በገባ በ8 የሥራ ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሰጠው ማመልከት አለበት። ፈቃዱ እስኪወጣ ድረስ የሚሰጠውን ደረሰኝ እንደ ፈቃዱ አክብሮ ይያዘው። ቤት ሲከራይ ውሉ በግብር መሥሪያ ቤት የተመዘገበ መሆኑን ያረጋግጥ፤ ያልተመዘገበ ውል ለመኖሪያ ምስክርነት አይረዳውም። በሰው ቤት ሽማግሌ ለመጦር የሚቀጠርም ቢሆን ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ የጡረታውም መዋጮ እንዲከፈልለት ይጠይቅ። የቀጠሮ ወረቀቱ 9 ሰዓት ቢል፣ በእኛ አቈጣጠር ከጧቱ 3 ሰዓት መሆኑን አይርሳ፤ በዚህ ምክንያት ቀጠሮ የሚያልፈው ሰው አለና።

ቀጥሎም በከተማው ማዘጋጃ ቤት የነዋሪዎች መዝገብ ሳይዘገይ ይመዝገብ። ለኢጣልያ ዜግነት ለማመልከት ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ሰው 10 ዓመት በሕግ መኖር አለበት፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2025 ይህን ወደ 5 ለማውረድ የተደረገው ሕዝበ ውሳኔ በቂ መራጭ ስላልተገኘበት ሳይጸና ቀርቷል። ዓመቱ የሚቈጠረው በመዝገቡ መሠረት ስለ ሆነ፣ በመመዝገብ የዘገየ ሰው በገዛ እጁ ዘመኑን ያሳጥራል። ቋንቋውንም ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይማር፤ ለዜግነት ማመልከቻ የቋንቋ ችሎታ ማስረጃ ይጠየቃልና።

ይህ ሁሉ ወረቀት ያሰለቸው ሰው «በአቋራጭ ላድርስህ» የሚል ደላላ ቢያገኝ ሊታለል ይችላል። ነገር ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በኦክቶበር 3 ቀን 2013 በላምፔዱሳ ደሴት አጠገብ በአንዲት ጀልባ ብቻ ከ360 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ከእነዚህም የሚበዙት ከጎረቤታችን ከኤርትራ የተነሡ ነበሩ። የወረቀት መንገድ ረጅም ነው፤ ሆኖም ሰው አይበላም።

ክቡራን ሆይ፤ በወገዳ አጠገብ፣ በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ መሆኗን ታውቃላችሁ። በዚያ ደቀ መዝሙሩ የጻፈውን ድጓ መምህሩ ምልክት በምልክት ሳያርም አይመሰክርለትም፤ አንዲት ምልክት ብትሳሳት ዜማው ይፈርሳልና። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ለዜማ ካስፈለገ፣ ለሰው ስምና ልደትማ ምን ያህል ሊያስፈልግ ነው?

ስለዚህ በመስኮታችሁ ፊት የቆመው ባላገር ወረቀቱን ተቀብሎ ከመሄዱ በፊት፣ ስሙን፣ የአባቱን ስምና የተወለደበትን ቀን ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት፤ ትክክል መሆኑንም ጠይቁት። ይህ የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ነው። ስሕተቱን ሮማ ላይ ለማረም ግን ሁለት ዓመትም ላይበቃ ይችላል፤ እስከዚያም ልጁ ያድጋል።