የቁልፉ ቀዳዳ

አሮጌ ቤት ሲፈርስ በሩና መስኮቱ ብዙ ጊዜ ማገዶ ይሆናል። ያሳዝነኛል። ከሐበሻ ጥድ የተሠራውን በር ምስጥ በቀላሉ አይደፍረውም፤ የዋንዛውም ለዓመታት ደርቆ ስለከረመ እንደ እርጥብ ጣውላ አይጣመምም።

ጠረጴዛ ልታሠሩ ካሰባችሁ ያንን በር አሸክማችሁ አናጢው ዘንድ ሂዱ። ግን ሰጥታችሁት ብቻ አትመለሱ፤ ምስማሩን አብራችሁት ንቀሉ። አንድ የተረሳ ምስማር የመላጊያውን ስለት ይሸርፈዋል። የምታሠሩት ረከቦት ከሆነ ደግሞ እናታችሁ በርጩማዋ ላይ ትቀመጥና ከፍታውን በእጇ ትለካ፤ የምትቀዳው እሷ ናት።

ከዚያ አናጢው ይጠይቃችኋል፦ «የቁልፉን ቀዳዳ ልድፈነው?»

እኔ ብሆን እንዲተወው እለምነዋለሁ። እኛም ቤት አባባ ከሥራ ሲመለስ እንዲህ ባለች ቀዳዳ አጮልቀን እናየው ነበር።