ቍጥርና ልብሱ
ስለ ካልኩሌተር የአኃዝ አጻጻፍ ለመምህራን የተደረገ ንግግር



አንድ ሰው ለበዓል የክት ልብሱን ለብሶ ቢወጣ፣ በማግስቱም የሥራ ልብሱን ለብሶ ወደ እርሻው ቢወርድ፣ ሰውየው ያው አንድ ሰው ነው። ልብሱን ብቻ ተመልክቶ «እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው» የሚል ቢገኝ መሣቂያ ይሆናል። ቍጥርም እንዲሁ ነው፤ ዋጋው ሳይለወጥ አጻጻፉ ይለዋወጣል። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ይህን ያልተረዳ መምህር በተማሪው ላይ የሚያደርሰው በደል ግን ከቶ ቀላል አይደለም።

ሁለት ተማሪዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድን ለሁለት መቶ እንዲያካፍሉ ታዘዙ እንበል። ሁለቱም የያዙት አንድ ዐይነት የካሲዮ ካልኩሌተር ነው። የመጀመሪያው ተማሪ 0.005 የሚል መልስ አገኘ፤ የሁለተኛው መሣሪያ ግን 5×10⁻³ ብሎ አሳየው። መምህሩ ከያዘው የመልስ ወረቀት ላይ የተጻፈው 0.005 ብቻ ስለ ነበር የሁለተኛውን ልጅ መልስ በቀይ ቀለም ሰረዘበት። ልጁም ሒሳብ ለእርሱ እንዳልተፈጠረ ቈጥሮ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

እውነቱ ሲመረመር ሁለቱም ልጆች ትክክል ናቸው። ልዩነቱ የመጣው በመሣሪያው ውስጥ ካለው ምርጫ ነው። «ኖርም 1» በተባለው ምርጫ ከአንድ መቶኛ ያነሰ ቍጥር በዐሥር ርቢ ተጽፎ ይታያል። «ኖርም 2» በተባለው ግን ቍጥሩ ከአንድ ቢሊዮንኛ እስካላነሰ ድረስ በአስርዮሽ ነጥብ እንደ ተጻፈ ይቈያል። እንግዲህ የተሰረዘው የልጁ ስሕተት ሳይሆን የቍጥሩ ልብስ ነው።

መሣሪያው ስለምን ልብስ ይለዋውጣል ቢባል፣ መስኮቱ ጠባብ ስለ ሆነ ነው። በኪስ ለመያዝ የሚመች የመጀመሪያው ሳይንሳዊ ካልኩሌተር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1972 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር የሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው ኤች ፒ 35 ነው። ዋጋው 395 ዶላር፣ የቍልፎቹም ብዛት 35 ነበር። መስኮቱ ዐሥር አኃዝ ያሳያል፤ ከዚያ ያለፈውን ታላቅነት ወይም ታናሽነት ግን በስተቀኝ በተጻፉ ሁለት አኃዞች፣ ማለት በዐሥር አርቢ፣ ያመለክታል።

የዚህ አጻጻፍ አደጋ እዚህ ላይ ይጀምራል። በቀድሞዎቹ መሣሪያዎች መስኮት «4.7 −05» ተብሎ የሚታየው 4.7×10⁻⁵ ማለት ነው። ዐሥሩ በመስኮቱ ላይ ስለማይጻፍ ግን ያልተማረ ልጅ በደብተሩ ላይ 4.7⁻⁵ ብሎ ይገለብጠዋል። የመጀመሪያው ቍጥር 0.000047 ሲሆን ሁለተኛው 0.000436 ያህል ነው፤ ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ልዩነት አለው። መሣሪያው አልተሳሳተም፤ ልጁም ያየውን ገልብጧል፤ የተሳሳተው ማንበቡ ነው።

ዋና ዋናዎቹ የአጻጻፍ ዐይነቶች ሦስት ናቸው። ለምሳሌ በሬዲዮ ውስጥ የሚገኘውን 0.000047 ፋራድ የሆነ ካፓሲተር እንውሰድ። አንደኛው «ፊክስ» የተባለው ነው፤ ከነጥቡ በኋላ የሚታዩት አኃዞች ቍጥር አስቀድሞ ይወሰናል። ሁለት አኃዝ ብቻ ይታይ ቢባል አንዳንዱ መሣሪያ 0.00 ብሎ ያሳያል። ይህ ልብስ ለገንዘብ ሒሳብ የተስማማ ነው፤ ለካፓሲተሩ ግን መቃብር ነው፤ ያለውን ነገር የለም ያሰኛልና። ሁለተኛው ሳይንሳዊ አጻጻፍ ነው፤ ከነጥቡ በፊት አንድ አኃዝ ብቻ አስቀርቶ 4.7×10⁻⁵ ይላል። ሦስተኛው የመሐንዲሶች አጻጻፍ ነው፤ 47×10⁻⁶ ይላል።

ይህ ሦስተኛው ሕግ አለው። አርቢው ዘወትር ለሦስት ያለ ቀሪ የሚካፈል መሆን አለበት፤ ከፊቱ ያለውም ቍጥር ከአንድ አያንስም፣ ሺህም አይሞላም። ምክንያቱም የመለኪያ ስሞች በሺህ በሺህ የሚራመዱ መሆናቸው ነው፤ ኪሎ፣ ሜጋ፣ ጊጋ ወደ ላይ፣ ሚሊ፣ ማይክሮ፣ ናኖ ወደ ታች። ስለዚህ 47×10⁻⁶ ፋራድ ያለ አንዳች ድካም 47 ማይክሮፋራድ ተብሎ ይነበባል። የጣና በለስ ማመንጫ ኃይልም በሳይንሳዊ አጻጻፍ 4.6×10⁸ ዋት ነው፤ በመሐንዲሶች አጻጻፍ ግን 460×10⁶ ዋት፣ ማለት ሁሉ የሚያውቀው 460 ሜጋዋት ይሆናል። ይህን አጻጻፍ በኪስ ካልኩሌተር ላይ ያመጣው በ1975 ዓ.ም. የወጣው ኤች ፒ 25 ነው።

በሦስት በሦስት መከፋፈል ግን የሰው ስምምነት እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። የግዕዝ አኃዝ ለመቶ ፻፣ ለእልፍ ማለት ለዐሥር ሺህ ፼ የሚል ምልክት ሲኖረው ለሺህ የራሱ ምልክት የለውም፤ ሺህ ፲፻ ተብሎ ይጻፋል። ይህን የሚያውቅ ተማሪ ያንድ ቍጥር ልብስ ብዙ መሆኑን ከገዛ አገሩ ፊደል መማር ይችላል።

የመሐንዲሶች አጻጻፍም ጕድለት አለበት። 460 ሲባል የመጨረሻው ዜሮ ተለክቶ የተገኘ ይሁን ቦታ ለመሙላት የገባ አይታወቅም። በሳይንሳዊ አጻጻፍ ግን 4.60×10⁸ ብሎ የጻፈ ሰው ዜሮውንም እንደ ለካው ይመሰክራል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሥራ የሚስማማውን ልብስ መምረጥ ያስፈልጋል።

ደግሞም የሚታየው ሁሉ ያለው ሁሉ አይደለም። ካልኩሌተሩ አራት አኃዝ እንዲያሳይ ተደርጎ 2 ለ3 ቢካፈል 0.6667 ያሳያል። ይኸው ውጤት በመሣሪያው ውስጥ እንዳለ በ3 ቢባዛ 2.0000 ይሆናል። 0.6667 ተብሎ እንደ አዲስ ገብቶ በ3 ቢባዛ ግን 2.0001 ይመጣል። መሣሪያው የተጠጋጋውን ለዐይን ሰጥቶ የተሟላውን በሆዱ ይዟልና። ይህን ፈተና በክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ ያደረገ መምህር ከረጅም ትምህርት ይልቅ ያስረዳል።

ከካልኩሌተር በፊት የነበሩት መሐንዲሶች ስላይድ ሩል በሚባል ተንሸራታች ማስመሪያ ያሰሉ ነበር። ማስመሪያው የሚሰጣቸው አኃዞቹን ብቻ ነው፤ የነጥቡን ቦታ ራሳቸው በአእምሯቸው ማግኘት ነበረባቸው። ከዚህም የተነሣ መልሱ በግምት ምን ያህል እንደሚሆን አስቀድመው ያውቁ ነበር። ካልኩሌተር ያንን ሸክም ከሰው ትከሻ አወረደ፤ ከሸክሙ ጋር ግን የመገመት ልማድ አብሮ እንዳይወርድ የሚጠብቅ መምህሩ ነው።

ስለሆነም ተማሪው ቍልፍ ከመንካቱ በፊት መልሱን በግምት ይጻፍ፤ መልሱ ሲመጣም መሣሪያው በየትኛው አጻጻፍ እንደ ተዘጋጀ ይመልከት፤ በደብተሩም ላይ ዐሥሩንና አርቢውን፣ የመለኪያውንም ስም ሳያስቀር ይጻፍ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በችኰላ የተገለበጠ አኃዝ በኋላ ያሳፍራልና። መምህሩም ቀዩን ቀለም ከማንሣቱ አስቀድሞ «ይህ ልጅ የጻፈው ሌላ ቍጥር ነውን፣ ወይስ ያው ቍጥር ሌላ ልብስ ለብሶ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ይህ ጥያቄ የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ነው፤ የሚያድነው ግን አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠውን ልጅ ነው።