መፀው በሱባ ደን፦ ስለ ሰፊ አድማስ ፎቶግራፍ



የመፀው ደን ሲባል በብዙ የፎቶግራፍ መጻሕፍት የምናየው ቀይና ቢጫ ቅጠሉን የሚያረግፍ የባሕር ማዶ ደን ነው። የእኛ መፀው፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው፣ የአበባ ወቅት ነው። ከዚህ ከሀይሌ ጋርመንት በስተ ምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ ባለው የመናገሻ ሱባ ደን ጽዱና ዝግባው አረንጓዴነታቸውን አይለቁም። ቀለሙ የሚመጣው በደኑ ዳር ከምትፈካው አደይ አበባ፣ ከሴቷ ኮሶ ቀላ ያለ ዘለላና ክረምቱ ካጠበው አየር ነው። የውጭውን ወርቃማ ቀለም በኮምፒዩተር ከቀባንበት ያነሣነው ሱባን አይደለም።

ወደ አሠራሩ ልለፍ። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሙሉ ፍሬም ካሜራ በቁመቱ ሲቆም ወደ ጎን 27 ዲግሪ ያህል ያያል። በየ18 ዲግሪው እያዞርን 10 ጊዜ ብናነሣ 189 ዲግሪ እንሸፍናለን፤ ጎረቤት ምስሎችም አንድ ሦስተኛቸው ይደራረባል። የብርሃን ልኬቱ፣ ትኩረቱና የቀለም ሚዛኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይነኩም። ነፋስ ካለ መጠበቅ ነው።

በደን ውስጥ ዋናው ፈተና ግን ቅርበት ነው። አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ አውራ ጣታችሁን ከፊታችሁ አቁማችሁ ራሳችሁን አዙሩ። ጣቱ ከግድግዳው አንጻር ቦታ ይለቃል። የቅርቡም ግንድ ከኋላው ካለው አንጻር እንዲሁ ይሆናል። ስለዚህ ካሜራው መዞር ያለበት ብርሃን በሌንሱ ውስጥ በሚያልፍበት ነጥብ እንጂ በማቆሚያው ጠመዝማዛ ላይ አይደለም። ሞባይላችን በአንድ ጠረጋ ይሠራዋል ትሉኝ ይሆናል። ይሠራዋል፤ አንዳንዴም በስፌቱ ላይ አንዱን ዛፍ ሁለት ያደርጋል፣ ሌላውን ያጠፋል።

ለሳሎን ግድግዳ ይህ ምንም አይደለም። ምስሉ ማስረጃ ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል። ቤልጂጋዊው የጂኦግራፊ ምሁር ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ በ1868 እ.ኤ.አ. በናፒየር ዘመቻ ወቅት በሰሜን ኢትዮጵያ የተነሡ ፎቶግራፎችን ከ140 ዓመት በኋላ በዚያው ሥፍራ ደግመው በማንሣት፣ የመሬቱ ሽፋን በብዙ ቦታ ከድሮው እንደተሻለ አሳይተዋል። ብዙዎቻችን ከለመድነው ትረካ ተቃራኒ ነው። ያን ንጽጽር የቻሉት የድሮዎቹ ምስሎች ዛፍ ስላልጨመሩና ስላላጠፉ ነው። በሱባ የምትሠሩ ተማሪዎቼም የተሰፋውን ብቻ ሳይሆን 10ሩንም ፍሬሞች፣ የቆማችሁበትን ነጥብና ቀኑን አስቀምጡ።

አሁን መብራቱ ይጥፋልንና የመጀመሪያውን ምስል እንይ።